የዘምዘም ማመልከቻ

ዘምዘም ሥራ መፈለግ የጀመረችው ልጇ ረውዳ ከሞተች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ልጅቷ በደም ካንሰር ስትታመም ሥራዋን ለቅቃ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም ነገር ሲያበቃና ወደ ፋብሪካው ስትመለስ በእሷ ቦታ ካሜራ ተተክሎ አገኘችው። ጥበቃው አወቃትና ስለ ልጅቷ ጠየቃት፤ ነገረችው። «አላህ ይዘንላት» ብሎ በሩን ዘጋ።

ባሏ ሙሄ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪኖቹ ራሳቸውን መንዳት ከጀመሩ ወዲህ ግን ከከተማው ዳር ባለ የጭነት ግቢ በር ላይ ቆሞ ሲገቡና ሲወጡ ያያቸዋል። ሥራው ማየት ብቻ ነው። የሚጽፈው የለም፣ የሚከፍተው የለም። አንድ ቀን «ብተኛስ ምን ይሆናል?» ብሎ አለቃውን ቢጠይቀው አለቃው ትንሽ አሰበና «እኔም አላውቅም» አለው።

በዚያ ዘመን በመንግሥት ኮንዶሚኒየም ለመኖር ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ወይ ተቀጣሪ ወይ አመልካች መሆን ነበረባቸው። አመልካች ማለት በየቀኑ የሚያመለክት ማለት ነው። ሕጉ የሚታገሠው ለተወሰነ ጊዜ ነበር፤ ጊዜው ሲያልፍ ቤተሰቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ሐርቡ ሜዳ ላይ ወደተሠራው የቆርቆሮ ሰፈር ይዛወራል። የሚገፋ፣ የሚጮህ የለም። መኪና መጥቶ ዕቃ ይጭናል፣ አዲስ ሰው ይገባል። የዘምዘም የማመልከቻ ጊዜ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ቤቱ ረውዳ የኖረችበት ነው። መኝታዋ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በእርሳስ የሣለቻቸው ዓሦች አሁንም አሉ።

ጠዋት ጠዋት የሕንፃው አመልካቾች ወንበራቸውን ይዘው ግቢ ይወርዱና ጥላው ሥር ተራርቀው ይቀመጣሉ። «መጻፍ» ይሉታል እንጂ የሚጽፍ ሰው የለም። ስልካቸውን አፋቸው ጋ አስጠግተው ያወራሉ፤ ውስጡ ያለው ጸሐፊ ይጠይቃቸዋል፣ ይጽፋል፣ ይልካል። በዚያኛው ወገን የቀጣሪው መርማሪ ያነብባል። መልሱ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱት ይመጣል፤ «ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን» ይላል። ከዚያ ሌላ ይጀምራሉ። ልጆች እዚያ አካባቢ ኳስ አይጫወቱም። አንዱ ከጮኸ ሌላው «ዝም በል፣ እናትህ እየጻፈች ነው» ይለዋል።

ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ቀጣሪ የሚሆን ሰው ይሠራል። ለአበባ እርሻው ሲጽፍ ዘምዘም ከልጅነቷ ጀምሮ አበባ የምትወድ ሆነች። ለሲሚንቶ ድርጅቱ ሲጽፍ አቧራ የማይበግራት ሆነች። መጀመሪያ አካባቢ «ይህቺ ደግሞ ማናት?» እያለች ትስቅ ነበር። በኋላ መሳቁን ተወችው።

ሰው የገጠመውን ነገር ሁሉ ለደብዳቤ ይሆናል አይሆንም ብሎ የሚያይበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት ልጆች ወንዝ ዳር ቆሻሻ ሲለቅሙ መምህሯ «ይህን ወደፊት ታስገቡታላችሁ» ትላቸዋለች። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሐዘንተኞች ስልካቸውን ክፍት አድርገው ፊታቸው ያስቀምጡታል፤ በሐዘን ጊዜ የታየ ጽናት በመርማሪዎች ዘንድ የተወደደ ነውና። ይህን ያላደረገ ሰው ካለ አጽናኞቹ ራሳቸው «ክፈቺው እንጂ፣ ይስማ» ይላሉ። በረውዳ ለቅሶ ላይም ብለዋል። ሙሄ ስልኩን አንሥቶ ኪሱ ከተተው።

ከእነሱ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ፌቨን ያንን አይተው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፤ እህል መጋዘን ውስጥ ይሠራሉ። አንድ ቀን ከሥራ ሲገቡ ዘምዘምን ግቢው ውስጥ ብቻዋን አገኟትና አጠገቧ ተቀመጡ።

«ዛሬስ ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ፣ እትዬ።»

«ምን አሉሽ?»

«አመሰገኑኝ።»

እትዬ ፌቨን መሬት መሬቱን አዩ። «እኔ ልንገርሽ፣ ልጄ። ረውዳን ደብቀሻታል። መርማሪው ከፋብሪካ ወጥተሽ ዓመታት ቁጭ ያልሽ ሴት እንጂ ሌላ አይታየውም። አስገቢያት።»

«ልጄን?»

«እኔ የባለቤቴን ሕመም አስገብቼ አይደል እንዴ መጋዘኑ የተቀበለኝ? ነፍሱን ይማረው፣ እሱ አይቀየምም። ሙት ይቀየማል እንዴ?»

ዘምዘም ገና ማመልከት ስትጀምር ሙሄ አንድ ነገር ለምኗት ነበር። «ሌላ ሌላውን የፈለግሽውን በይ። አበባ እወዳለሁ በይ፣ ድንጋይ እፈልጣለሁ በይ። ረውዳን ግን ተዪልኝ» ብሏት እሺ ብላዋለች።

ከቦርከና ወንዝ በላይ ኮረብታው ላይ ጥላ የሚባል የአረጋውያን መኖሪያ ተከፍቶ ነበር። በዚያ ሳምንት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። የሚፈልገው የሚሞት ሰው አጠገብ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ነው። ዘምዘም ማስታወቂያውን ከሰማች በኋላ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የረውዳ መኝታ ላይ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙሄ የጭነት ግቢው በር ላይ ቆሟል።

«ላመልክት» አለችው ጸሐፊውን። «ለጥላ።»

«እሺ፣ ወይዘሮ ዘምዘም። ታማሚ አስታመው ያውቃሉ?»

«ልጄን።»

ብዙ ጠየቃት፤ ብዙ ነገረችው። ሌላ ሰው እንደዚያ ጠይቋት አያውቅም ነበር። ሰዎች ስለ ረውዳ ሲያነሡ ቶሎ ብለው «አብሽሪ» ይሉና ወሬ ይቀይራሉ። ጸሐፊው ግን አልቸኮለም። ረውዳ ምን ትበላ እንደነበር፣ መርፌ ሲወጓት ዓይኗን ወዴት ታዞር እንደነበር፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ምን እንዳለች ሁሉ ጠየቀ።

«በመጨረሻዋ ሰዓት አጠገቧ ነበሩ?»

«አልነበርኩም።»

«የት ነበሩ?»

«ደሴ። የጠፋው መድኃኒት ገባ ተባለና ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ጭጋግ ወረደ። መኪናው ጭጋጉ ካልተገፈፈ አልሄድም ብሎ መንገድ ላይ ቆመ። ሹፌር የለው፣ ማንን ይለምኑታል? በሩን ደበደብኩ። በእግሬ ልውረድ አልኩ፤ ለደኅንነትዎ ሲባል ይቀመጡ አለኝ። ስደርስ ሸፍነዋታል።»

«አጠገቧ ማን ነበር?»

«አባቷ።»

«ምን እንደሆነ ነግረውዎታል?»

«እጄን ይዛ ሄደች ብሎኛል። ከዚያ ሌላ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።»

«ቀጣሪው ከሞት አልጋ አጠገብ እስከ መጨረሻው የቆየ ሰው ነው የሚፈልገው። ታሪኩን በእርስዎ አንደበት ጽፌዋለሁ። ላንብብልዎት?»

አነበበላት። «ልጄ ረውዳ ያረፈችው እጄን ይዛ ነው። የደከመች ቀን ሌላ የትም አልሄድኩም። የምትተነፍሰውን አብሬያት ተነፈስኩ፤ እሷ ስታቆም እኔ ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ የማንም ሰው የመጨረሻ ሰዓት አያስፈራኝም።»

ዘምዘም ግድግዳው ላይ ያሉትን ዓሦች እያየች አዳመጠች።

«ድገምልኝ» አለች።

ደገመላት። ለሦስተኛ ጊዜም አስነበበችው። ከደሴ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ በሐሳቧ ስትመላለስበት የኖረችው ነገር እሱ ነበር፤ ጭጋጉ ባይወርድ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር። አሁን ደግሞ ሆነ እያለ የሚያነብላት አገኘች።

«ላከው» አለች። ሥራውን ፈልጋ ይሁን፣ ነገሩ እንደዚያ ተብሎ የሆነ ቦታ እንዲጻፍላት ፈልጋ ይሁን፣ ኋላ ራሷም መለየት አልቻለችም።

ዓርብ ቀን ሙሄ ከጁምዓ ተመልሶ ምሳ ሲበሉ ስልኩ ጠራ። እጁ ወጥ ነክቶት ስለነበር ስልኩን በክርኑ ገፋ አድርጎ ድምፁን ከፈተው።

«አቶ ሙሄ ይማም? ከጥላ የአረጋውያን መኖሪያ ነው። ባለቤትዎ ወይዘሮ ዘምዘም ባመለከቱት ሥራ ምስክር የምናደርገው እርስዎን ነው። ከደብዳቤው አንድ ክፍል አነብልዎታለሁ፤ የሆነ መሆኑን ያረጋግጡልናል። የሐሰት ምስክርነት እንደሚያስጠይቅ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ» አለ ሙሄ ጉርሻውን ሳይጨርስ። ስለ ጨርቅ ወይም ስለ አበባ መስሎታል።

ድምፁ አነበበ። ዘምዘም ትሪው ላይ አቀረቀረች። ሙሄ ማኘኩን አቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ዋጠ።

«ልጅዎ ያረፈችው የባለቤትዎን እጅ ይዛ ነው። ይህ የሆነ ነው?»

ሙሄ ሚስቱን አያት። ቀና አላለችም። ከታች ግቢ ሰዎች ለየስልካቸው የሚያወሩት ይሰማል።

«አቶ ሙሄ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ።»

«ይህ የሆነ ነው?»

«የሆነ ነው።»

«እርስዎ በዚያን ሰዓት የት ነበሩ?»

ይህን አልጠበቀም። «ደሴ» አለ በመጨረሻ። «ደሴ ነበርኩ። መድኃኒት ላመጣ ሄጄ። ጭጋግ ወርዶ መኪናው መንገድ ላይ ቆመብኝ።»

«እናመሰግናለን። ለሐዘንዎ መጽናናትን እንመኛለን።»

ዘምዘም ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች። ተነሥቶ እጁን ታጠበ። «አንቺ ብዪ፣ አትተዪው» አላትና ጫማውን አድርጎ ወጣ። ማምሻውን ሲመለስ ስለ ነገሩ አላነሣም፤ እሷም አላነሣችም። በማግሥቱ የጥላ መልስ መጣ። እትዬ ፌቨን እልል አሉ።

ሥራው ከበደኝ አላለችም። ሰው ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ ታውቅበታለች። የከበዳት በሩ ነው። ጥላ ውስጥ በየክፍሉ በር ላይ ለጠያቂ ቤተሰብ የአስታማሚውን ደብዳቤ የሚያነብ ለስላሳ የሴት ድምፅ አለ። «አባትዎን የምትንከባከበው ዘምዘም ናት። ልጇ ረውዳ ያረፈችው እጇን ይዛ ነው...» ይላል። ዘምዘም የተጠቀለለ አንሶላ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ በቀን ደጋግማ ትሰማዋለች። የሰሙት ሰዎች እጇን ጨብጠው፣ አንዳንዶቹም ግንባሯን ስመው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ወር ያንን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ቆይታ ማዞሩን ተወች።

እዚያ ጋሽ ናትናኤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩ። ሳንባቸው አልቋል። አንድ ከሰዓት በኋላ ትራሳቸውን ስታስተካክል ክንዷን ያዟት።

«ልጅሽ ስትሞት ፈርታ ነበር?»

«አልፈራችም፣ ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

ዘምዘም ምንም አላሰበችም። «እጇ አልተንቀጠቀጠም» አለች።

ሽማግሌው ክንዷን ለቀቁና ጣሪያውን እያዩ ቆዩ። «ጥሩ ነው» አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ እጇን ይዘው አረፉ። የእሳቸውም እጅ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህኛውን በዓይኗ አይታዋለች።

የጋሽ ናትናኤል ልጅ ለማመስገን እስከ ቤቷ ድረስ መጣች። ሙሄም ቤት ነበር። ስኳርና አንድ ነጠላ ይዛ መጥታ እንደተቀመጠች አለቀሰች። «አባቴ እኮ ከዚያ ቀን ወዲህ መፍራቱን ተወ። እጇ አልተንቀጠቀጠም ብለሽ የነገርሽው ቀን። እስኪ ለእኔም ንገሪኝ፣ እህቴ፣ እንዴት ነበር?»

ዘምዘም ነገረቻት። በደብዳቤው ያለውንም የሌለውንም ነገረቻት። ረውዳ ግንባሬን ጥረጊልኝ እንዳለቻት፣ እንደጠረገችላት፣ ከዚያ ፈገግ እንዳለች። ስታወራ ድምፅዋ አልተደናቀፈም። ሁሉም ይታያት ነበር፤ አንሶላው፣ መስኮቱ፣ የልጅቷ ጣቶች። ሙሄ መሐል ላይ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

እንግዳዋ ስትሄድ ተከትላው ገባች። የረውዳ መኝታ ላይ ተቀምጧል።

«ግንባሬን ጥረጊልኝ አለች?» አላት።

ነጠላዋን ሰበሰበች።

«ከየት አመጣሽው?»

«አላውቅም» አለች ዘምዘም። እውነቷን ነበር። «ሙሄ፣ ወላሂ አላውቅም። ሳወራ ይመጣል።»

«እጇም አልተንቀጠቀጠም?»

«እሱንም...»

ሙሄ በሁለት እጁ ፊቱን አሻሸ። «ስሚኝ። የሰጠሁሽን ሰጥቼሻለሁ። መልሺ አልልሽም። ግን አትጨምሪበት። እየጨመርሽበት ስትሄጂ እኔ ጋ ያለው እየጠፋብኝ ነው። ትናንት በር ላይ ቆሜ እሷን ሳስብ ያየሁት እኔን አይደለም። አንቺን ነው።»

በማግሥቱ ዘምዘም ሥራ እንደገባች የጥላ አስተዳዳሪ ወደሆነችው ወደ ኢክራም ቢሮ ሄደች። ኢክራም ገና ወጣት፣ ሰው ስታናግር ከወንበሯ የምትነሣ ጨዋ ሴት ናት። ዘምዘም ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ደሴን፣ ጭጋጉን፣ መኪናውን፣ ምሳውን።

«ደብዳቤዬ ይታረምልኝ» አለች። «ብታባርሩኝም ይሁን።»

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ዘምዘም።» ኢክራም ራሷም ተቀመጠች። «እርስዎን አናባርርም። የሚጠየቁት ባለቤትዎ ናቸው፤ በሐሰት መስክረዋል ማለት ነው። ከጭነት ግቢው ይወጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ የማመልከት መብት የላቸውም። ላርመው?»

ዘምዘም የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠቀለለች ተቀመጠች።

«እኔ ግን አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች ኢክራም ቀስ ብላ። «እውነት ነው ብለን አይደለም የቀጠርንዎት። የሁሉም ሰው ደብዳቤ እንደዚህ ነው። የእኔም።»

«ታዲያ ምስክር ለምን ትጠይቃላችሁ?»

«የሚመሰክርለት ሰው ያለው መሆኑን ለማወቅ ነው። ብቻውን የሆነ ሰው ይህን ሥራ አይችለውም።»

ዘምዘም አመስግና ወጣች። ደብዳቤው እንዳለ ቀረ።

ክረምቱ ሲገባ የጭነት ግቢው መኪኖቹን የሚያይ ሰው እንደማያስፈልገው ወሰነ። ሙሄ አመልካች ሆነ። ጠዋት ወንበር ይዞ ግቢ መውረዱን ስላልቻለበት ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ስልኩን እንዴት እንደሚከፍት ያሳየችው ዘምዘም ናት። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ከጋላፊ ነበር፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አፋር በረሃ። መኪኖቹ መንገዱን የሚያዩባቸውን የመንገድ ዳር ዓይኖች ከአሸዋ የሚጠርግ ሰው ይፈለጋል። ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይቻልም፤ ወደ ቤት መመለሻው ረጅም ነው።

ጸሐፊው ጥቂት ከጠየቀው በኋላ እንዲህ አለው፦ «ከባለቤትዎ መዝገብ እንደምረዳው፣ ልጅዎ ስታርፍ በቦታው አልነበሩም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይህ ይጠቅመናል። ላስገባው?»

ዘምዘም ስልኩን ለመንጠቅ እጇን ሰደደች። ሙሄ እጇን ይዞ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«አስገባው» አለ።

«ሙሄ፣ ተው!»

«ይጻፍ። እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

ጸሐፊው አነበበ። «እኔ ሙሄ ይማም ከቤተሰቤ ርቄ ግዴታዬን መወጣት የምችል ሰው ነኝ። አንዲቱ ልጄ ስታርፍ እንኳ መንገድ ላይ ነበርኩ።»

«ላከው።»

ከጋላፊ የምስክር ጥሪው የመጣው እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡ ነው። የዚህኛው ድምፅ የወንድ ነበር። አነበበላትና ጠየቃት። «ባለቤትዎ በዚያን ሰዓት በቦታው አልነበሩም። ይህ የሆነ ነው?»

ዘምዘም ሙሄን አየችው። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ራሱን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ፣ አዎ በይ፣ አላት። ድምፁ ድጋሚ ጠየቀ።

«የሆነ ነው» አለች።

የሄደበት ጠዋት ዝናብ አባርቶ ነበር። መናኸሪያ ሸኘችው። የያዘው አንድ ሻንጣና የአንገት ፎጣ ነው። አውቶቡሱ ደረሰ፤ በሩን ከፍቶ ተሳፋሪዎቹን በስም መጥራት ጀመረ። የሙሄ ስም ገና ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው።

«ጠይቂኝ።»

«ያን ቀን ምሳ ላይ፣ ስልኩ የተደወለ ቀን። ለምን የሆነ ነው አልክ? ለቤቱ ብለህ ነው?»

«ለቤቱ አይደለም።»

«ለእኔ?»

ሙሄ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። አንዱን እግሩን አነሣ፣ አስቀመጠ።

«ሳልነግርሽ የቀረሁት ብነግርሽ ትሞቺብኛለሽ ብዬ ነው» አለ። «ዓይኗ ማየት አቁሞ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ትንሽ እንደቆየ። ማንን እንደያዘች አታውቅም። እጄን ያዘችና እማ አለች።»

ዘምዘም አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ዝም አልኩ። ልነግራት ፈለግኩ፤ እናትሽ መጣሁ ብላለች፣ መንገድ ላይ ናት ልላት። እንደገና እማ አለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርታለች፣ ዘምዘም። እና ወዬ አልኳት። ድምፄን እንዳንቺ አቅጥኜ። ወዬ፣ እማዋ።»

አውቶቡሱ ስሙን ጠራ። አልዞረም።

«ደሴ አልሄድሽም? አለችኝ። አልሄድኩም አልኳት። የት ልሄድ? እዚሁ ነኝ አልኳት። ከዚያ መንቀጥቀጡ ተዋት። እጇን እንደያዝኩ... እጇን እንደያዝሽ ሄደች።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያ ሰው ስልክ ላይ ሲያነብልኝ፣ ማን ነገረው ብዬ ነው የደነገጥኩት። እሷ እንደምታውቀው አንቺ ነበርሽ። እንዴት ብዬ አልነበረችም እላለሁ?»

አውቶቡሱ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ጠራ፤ ካልተሳፈረ መቀመጫው ለሌላ እንደሚሰጥ ነገረው። ሙሄ ሻንጣውን አነሣ። ራሷን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ አንዴ ሳማትና ወጣ። በሩ ተዘጋ። መስታወቱ ጥቁር ስለሆነ በየትኛው መስኮት በኩል እንደተቀመጠ ማየት አልቻለችም። አውቶቡሱ ወደ ባቲ መንገድ ታጠፈ።

ዘምዘም እርጥቡ የድንጋይ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ በለቅሶው ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ሻንጣ የያዙ ሰዎች በግራና በቀኟ ያልፋሉ። ብርቱካን የምትሸጥ አንዲት ሴት አየቻትና መደቧን ትታ መጣች፤ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ትዳብስላት ጀመር።

«አብሽሪ፣ እህቴ» አለቻት። «አብሽሪ። የሄደ ይመለሳል።»